ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ለታካሚም ለአካባቢም

በአንድ የገጠር ጤና ኬላ የክትባት ቀን ነው እንበል። ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጇን ያዘለች እናት የኩፍኝ ክትባት ለማስከተብ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሯ ተጉዛ ከጤና ኬላው በር ደርሳለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትሰጣት ግን ክትባት ሳይሆን ሌላ ቀጠሮ ነው። ማቀዝቀዣው ከቀናት በፊት መሥራት በማቆሙ በውስጡ የነበረው ክትባት ተበላሽቷል። አዲሱ ቀጠሮ ከገበያ ቀን ወይም ከአጨዳ ወቅት ጋር ከተጋጨ እናትየዋ ላትመለስ ትችላለች። በዚያ መንደር ኩፍኝ ቢገባ መጀመሪያ ከሚያጠቃቸው አንዱ ያልተከተበው ሕፃን ይሆናል።

ከዚሁ ጤና ኬላ ጀርባ ደግሞ ሌላ እይታ አለ። ዝገት የበላው አሮጌ የነጭ ጋዝ ማቀዝቀዣ፣ አሲዱ የፈሰሰ ባትሪ፣ ጎማው የተበጣጠሰ የደም ግፊት መለኪያና ማንነቱ የማይለይ የብረት ቁርጥራጭ በአረም ተውጦ ተከምሯል። ዝናብ ሲጥል ከክምሩ ላይ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቅርቡ ማሳና ወደ ምንጩ ያመራል።

ከፊት የሚታየው የክትባት መስተጓጎልና ከጀርባ ያለው ክምር የአንድ ችግር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። መሣሪያው በጊዜው አልተንከባከቡትም፤ ሲያረጅም በወጉ አላስወገዱትም። የሕክምና መሣሪያ ጥገና ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከበጀትና ከአገልግሎት ጥራት ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ጥገና የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይም ነው። በተለይ እንደ ኢትዮጵያ ባለ ሀገር የጤና ተቋማት በአካባቢ ላይ የሚያሳድሩትን ጫና ለመቀነስ ከሚያስችሉት መንገዶች ርካሹና ቅርቡ በእጅ ያለውን መሣሪያ ዕድሜ ማራዘም ነው።

የመሣሪያ ጫና ከየት ይመጣል?

የጤናው ዘርፍ ሕይወት አዳኝ ቢሆንም የአየር ንብረትን ከሚበክሉት ዘርፎች ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት ዘርፉ ከዓለም አጠቃላይ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 4.4 በመቶ ያህሉን እንደሚሸፍን አመልክቷል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚመነጨው ሆስፒታሎች በቀጥታ ከሚያቃጥሉት ነዳጅ አይደለም። መድኃኒትና መሣሪያ ሲመረት፣ ሲጓጓዝና ሲወገድ የሚፈጠረው ልቀት ይበልጣል።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው። የሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ስለሆነም ከመስመር ኃይል ጋር የተገናኘ መሣሪያ በሥራ ላይ ሳለ የሚያስከትለው ብክለት በድንጋይ ከሰል ኃይል ከሚጠቀሙ ሀገራት አንጻር አነስተኛ ነው። ዋናው ጫና ያለው በመሣሪያው ልደትና ሞት ላይ ነው። ብረቱ፣ መዳቡ፣ ፕላስቲኩና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ተመርቶ በባሕርና በየብስ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል። ከተበላሸ በኋላ ደግሞ መርዛማ ክፍሎቹ አፈርና ውኃ ውስጥ ይገባሉ። አሥር ዓመት ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ በአራት ዓመቱ ከተጣለ ይህ ጫና ከእጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

መስመር ባልደረሰባቸው ወይም ኃይል በሚቆራረጥባቸው አካባቢዎች ሌላ ጫና ይጨመራል፤ እሱም የናፍጣ ጀነሬተርና የነጭ ጋዝ ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት መሠረት ከሰሃራ በታች በሚገኙ የአፍሪካ ሀገራት ካሉት የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ አስተማማኝ ኃይል የላቸውም።

ስንቱ መሣሪያ ይሠራል?

የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በ16 ታዳጊ ሀገራት ውስጥ የተመዘገቡ ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መረጃ መርምረዋል። ከእነዚህ መካከል በአማካይ 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱ ለዚህ ሦስት ዋና ምክንያቶችን ጠቅሷል፦ የሥልጠና እጥረት፣ የመሣሪያ አስተዳደር ድክመትና የመሠረተ ልማት ጉድለት።

ብልሽቱ ከአቅም በላይ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ተስፋ ሰጪ መልስ ይዟል። በ11 ሀገራት ከሚገኙ 60 አቅመ ውስን ሆስፒታሎች የቀረቡ 2 ሺህ 849 የጥገና ጥያቄዎች ተመርምረው ነበር። ከአገልግሎት ውጭ ከነበሩት መሣሪያዎች 72 በመቶው ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሳያስፈልጋቸው፣ በአካባቢው በተገኘ ቁሳቁስ ብቻ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ከተጠገኑት ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያውን በትክክል መትከል ወይም ተጠቃሚውን ማሠልጠን ነበር። የቀሩት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ፣ የመካኒክና የኃይል አቅርቦት ቀላል እክሎች ነበሩባቸው።

የዚህ ግኝት መልእክት ግልጽ ነው። «ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ መጋዘን ከሚገባው መሣሪያ ብዙው በእርግጥ አልሞተም። ፊውዝ፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተዘጋ ማጣሪያ ወይም ያረጀ የበር ላስቲክ ነው ያቆመው። እያንዳንዱ ወደ ሥራ የተመለሰ መሣሪያ ያልተገዛ አዲስ መሣሪያ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅና ያልተቆለለ ቆሻሻ ነው።

ከነጭ ጋዝ ወደ ፀሐይ፦ የክትባት ማቀዝቀዣ

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመረዳት የክትባት ማቀዝቀዣን ማየት ይበቃል። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የሙቀት መጠን መቀመጥ አለባቸው። አንዳንዶቹ ሙቀት ይገድላቸዋል፤ እንደ አምስት ለአንዱ ያሉት ክትባቶች ደግሞ በረዶ ከሠሩ ዋጋ ያጣሉ።

መብራት ባልደረሰባቸው አካባቢዎች ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ የሠራው በነጭ ጋዝ የሚነድ ማቀዝቀዣ ነው። ይህ ዓይነቱ ማቀዝቀዣ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ነጭ ጋዝ ይፈጃል። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲቃጠል 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ አንዱ ማቀዝቀዣ ብቻ በዓመት ወደ 900 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጋዝ ወደ አየር ይለቃል። ነበልባሉን መቆጣጠር አስቸጋሪ በመሆኑ የሙቀት መጠኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ክትባቱም አንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ሌላ ጊዜ በረዶ ይሠራል። ነዳጁ ሲያልቅ ደግሞ አገልግሎቱ ይቋረጣል።

ተከትሎ የመጣው በፀሐይ ኃይልና በባትሪ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ጭሱን አስቀርቷል። ነገር ግን ባትሪዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክሙና መተኪያቸው ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ ማቀዝቀዣዎች ባትሪያቸው በሞተ ጊዜ አብረው ቆመዋል። የአሁኑ ትውልድ ባትሪ አያስፈልገውም። ሰሌዳው የሚሰበስበው የፀሐይ ኃይል ኮምፕረሰሩን በቀጥታ ያሠራል፤ ቅዝቃዜው በማቀዝቀዣው ግድግዳ ውስጥ ባለ በረዶ ይጠራቀማል። ሌሊትም ሆነ በደመናማ ቀን ክትባቱን የሚጠብቀው ይህ በረዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ ያለ ፀሐይ ቢያንስ ለሦስት ቀናት ክትባቱን በተገቢው ሙቀት እንዲያቆይ ይጠይቃል።

ይህ ቴክኖሎጂ ንጹሕ ቢሆንም ያለ እንክብካቤ አይኖርም። በበጋ ወራት አቧራ ሰሌዳውን ሲሸፍነው የሚሰበሰበው ኃይል ይቀንሳል። ሲተከል ችግኝ የነበረ ዛፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰሌዳው ላይ ጥላ ይጥላል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ለዚህ ተብሎ ያልተዘጋጀ መስመር ላይ ስልክና ቴሌቪዥን ስለሚሰካ ኮምፕረሰሩ የሚገባውን ኃይል ያጣል። ይህ ሁሉ ሲደራረብ ማቀዝቀዣው «አልሠራም» ይላል፤ መፍትሔው ግን እርጥብ ጨርቅና መጥረቢያ ሊሆን ይችላል።

ለተጠቃሚው የሚመከሩት ተግባራት ጥቂትና ቀላል ናቸው። የሙቀት መጠኑን በቀን ሁለት ጊዜ አይቶ መመዝገብ፣ ሰሌዳውን በማለዳ ወይም ወደ ማታ በንጹሕ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት፣ የበሩ ላስቲክ በትክክል መግጠሙን ማረጋገጥ፣ በውስጡ በረዶ ሲጋገር ማሟሟትና በሩን አለምክንያት አለመክፈት ናቸው። መዝገቡ ከወረቀት ሥራ ያለፈ ጥቅም አለው። የሙቀት መጠኑ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከ4 ወደ 7 ዲግሪ ከወጣ ማቀዝቀዣው ሊታመም መሆኑን ይናገራል። በዚያን ጊዜ ባለሙያ ቢጠራ ክትባቱም ኮምፕረሰሩም ይተርፋሉ።

ጥገናው ራሱ እንዳይበክል

ማቀዝቀዣ ሲጠገን ትኩረት ከሚሻው ነገር አንዱ በውስጡ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። ቀደም ሲል በስፋት ያገለግል የነበረው አር-12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አማካይነት እንዲወገድ ተደርጓል። የተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም የሙቀት አማቂነት ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1 ሺህ 400 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው የፕሮቶኮሉ ማሻሻያም እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ያለመ ነው።

ቁጥሩ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ጠጋኝ ከትንሽ ማቀዝቀዣ 100 ግራም አር-134ኤ ወደ አየር ቢለቅ ወደ 140 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደለቀቀ ይቆጠራል። ስለዚህ ጋዙን በመሰብሰቢያ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር ማስገባት ያስፈልጋል። ጋዝ የጎደለበትን ማቀዝቀዣ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ደጋግሞ መሙላትም በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ገንዘቡም ጋዙም ይባክናል።

በአዳዲሶቹ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው አር-600ኤ የሙቀት አማቂነቱ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሆኖም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ጋዙ ሳይወጣ ቧንቧውን በእሳት መበየድ ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። ጠጋኙ በማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የጋዝ ዓይነት ሳያነብ ሥራ መጀመር የለበትም። አንዱን ጋዝ በሌላው መተካትም የማቀዝቀዣውን ዕድሜ ያሳጥራል።

የሚቆራረጠው ኃይልና የኮምፕረሰሩ ዕጣ

መስመር በደረሰባቸው ጤና ጣቢያዎች የመሣሪያ ቀንደኛ ጠላት የኃይል መዋዠቅ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ድንገት ከፍ የሚለው ቮልቴጅ የኮምፕረሰር፣ የማይክሮስኮፕና የላቦራቶሪ መሣሪያ ክፍሎችን ያቃጥላል። ስታቢላይዘር የሌለው መሣሪያ መብራት በጠፋ ጊዜ ከሶኬት ተነቅሎ ኃይሉ ከተረጋጋ በኋላ ቢሰካ ይመረጣል። አንድ ስታቢላይዘር የሚጠይቀው ዋጋ ከሚጠብቀው መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። መሣሪያ ሲገዛ ስታቢላይዘሩ አብሮ ካልተገዛ ግን ቆይቶ የሚከፈለው ዕዳ ይበዛል።

የጀነሬተር አያያዝም እንዲሁ ነው። የአየር ማጣሪያው የተዘጋና ዘይቱ በጊዜው ያልተቀየረ ጀነሬተር ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ ናፍጣ ይጠጣል፤ ጥቁር ጭሱም ወደ ሕሙማን ክፍል ይገባል።

ኦክስጅንና እንፋሎት

በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን በሚታከምበት ክፍል የኦክስጅን ማመንጫ ማሽን ወይም ኮንሰንትሬተር ትልቅ ቦታ አለው። ማሽኑ በክፍሉ ካለው አየር ናይትሮጅኑን ለይቶ በማስቀረት የተጣራ ኦክስጅን ይሰጣል። ከከተማ በመኪና የሚጓጓዝን ከባድ ሲሊንደር ስለሚተካ የነዳጅ ወጪን ይቀንሳል። የሚሻው እንክብካቤ ትንሽ ነው፦ የአየር ማስገቢያ ስፖንጁን በየሳምንቱ በሳሙናና በውኃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ፣ ማሽኑን ከግድግዳ አራርቆ ማስቀመጥ፣ የሚሰጠውን የኦክስጅን መጠን በየጊዜው መለካት። ስፖንጁ በአቧራ ከተደፈነ ማሽኑ ይግላል፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን የሚያስቀረው ንጥረ ነገርም ይዳከማል። ታካሚው የሚያገኘው ኦክስጅን የቀነሰ መሆኑን ደግሞ ዓይን አያየውም።

የሕክምና ዕቃዎችን በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭም ተመሳሳይ ነው። ጨዋማነት ያለው ውኃ በውስጡ ሲፈላ ነጭ ደለል ይጋግራል፤ ደለሉ ሙቀቱን ስለሚይዝ ውኃውን ለማፍላት የሚፈጀው ኃይል ይጨምራል። የተጣራ ውኃ መጠቀም፣ የበር ላስቲኩን በጊዜው መቀየርና በግማሽ ከመጫን ይልቅ ዕቃዎችን አጠራቅሞ፣ እንፋሎቱ እንዲዘዋወር ክፍተት ትቶ ማምከን ኃይልንም ውኃንም ይቆጥባል።

ሜርኩሪ፣ እርሳስና ከጤና ተቋሙ ጀርባ ያለው ክምር

ሁሉም መሣሪያ ለዘላለም አይጠገንም። በወጉ ማስወገድም የጥገና ሥራ አካል ነው። እዚህ ላይ ሁለት መርዛማ ብረቶች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ።

የመጀመሪያው ሜርኩሪ ነው። የቆየ የሰውነት ሙቀት መለኪያ አንድ ግራም ገደማ፣ የሜርኩሪ የደም ግፊት መለኪያ ደግሞ ከ80 እስከ 100 ግራም ሊይዝ ይችላል። መስታወቱ ሲሰበር የሚወጣው ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ወደ ማይታይ ትነት ይለወጣል፤ ትነቱም የነርቭ ሥርዓትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ከቆሻሻ ጋር ከተቃጠለ ወደ አየር፣ ከተጣለ ደግሞ ወደ ውኃ ገብቶ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አባል ሀገራት እነዚህን መለኪያዎች ማምረትም ሆነ መነገድ እንዲያቆሙ እ.ኤ.አ. 2020ን የጊዜ ገደብ አድርጎ አስቀምጧል።

ሜርኩሪ ቢፈስ መጥረግ አይገባም፤ መጥረጊያ ጠብታውን ይበታትነዋል። ሰዎችን አስወጥቶ መስኮት መክፈት፣ ጓንት አድርጎ ጠብታዎቹን በወፍራም ወረቀት መሰብሰብ ወይም በመርፌ ሲሪንጅ መሳብ፣ ከዚያም ውኃ ባለበት ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ አስገብቶ ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ወደ ማቃጠያ ጉድጓድ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው እርሳስ ነው። የአሮጌ የፀሐይ ኃይል ሥርዓት ባትሪዎች እርሳስና የሰልፈር አሲድ ይይዛሉ። አሲዱ አፈር ላይ ከፈሰሰ ሥሩን ያቃጥላል፤ እርሳሱ ደግሞ በአፈሩ የላይኛው ንብርብር ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ይቆያል። ከዚያ በአቧራ፣ በተበከለ አትክልትና በሚጫወቱ ልጆች እጅ ወደ ሰው አካል ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት አልባ የሚባል መጠን እንደሌለ ይገልጻል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለ የሕፃን አእምሮ ነው። ልጆችን ከበሽታ ለመጠበቅ የመጣ ባትሪ በስተጀርባ ልጆችን መመረዙ ከባድ ተቃርኖ ነው። ባትሪዎች ከዝናብና ከልጆች በራቀ፣ ወለሉ በተደለደለ ስፍራ ቆመው መቀመጥና ወደ ተፈቀደለት መልሶ መጠቀሚያ መላክ አለባቸው።

በሕግ ረገድ መሠረቱ ተጥሏል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እንዲህ ያሉ ቆሻሻዎችን የሚያመነጭ አካል ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በተግባር ያለው ማነቆ ሌላ ነው። የተበላሸ መሣሪያ የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይነሳም። ውሳኔው ሲዘገይ ማንም ሳይነካው በዝናብ ይበሰብሳል። ከገጠር ወረዳ አንድ ሁለት ባትሪ ብቻ ጭኖ መላክም አያዋጣም። በየወረዳው ደረቅ የማከማቻ ቦታ አዘጋጅቶ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በዞን ደረጃ አሰባስቦ በአንድ ጭነት መላክ ለዚህ የሚበጅ አሠራር ነው። ክትባትና መድኃኒት አድርሶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ይህን ጭነት ሊያነሳ ይችላል።

ማን ይጠግን? በምን ይድረስ?

የባዮሜዲካል ባለሙያዎች የሚሠለጥኑት እንደ ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና በቴክኒክ ኮሌጆች ነው። ተመርቀው የሚመደቡት ግን በአብዛኛው በሆስፒታሎች ነው። ከ17 ሺህ በላይ የሆኑት የሀገሪቱ ጤና ኬላዎች የሚያገኟቸው ረጅም መንገድ ተጉዘው ሲመጡ ብቻ ነው። ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የመስክ መኪና 20 ሊትር ገደማ ናፍጣ ያቃጥላል፤ ይህም ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ባለሙያው ደርሶ ችግሩ የተነቀለ ሶኬት ሆኖ ቢያገኘው ወይም የሚያስፈልገውን ላስቲክ ሳይዝ መጥቶ ቢመለስ ጉዞው ከንቱ ይሆናል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ምርመራውን በስልክ መጀመር ነው። ተጠቃሚዋ የማቀዝቀዣውን ሞዴል፣ የሚበራውን የመብራት ቀለምና የሙቀት መዝገቡን ፎቶ አንስታ ብትልክ ባለሙያው ቀላሉን እክል ከርቀት ይፈታል፤ ከባዱን ደግሞ መለዋወጫውን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ጉዞን ማቀናጀት ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ያሉ ተቋማትን በአንድ ዙር፣ ብልሽት ሳይጠበቅ በዕቅድ መጎብኘት ይቻላል። ሦስተኛው ፈጽመው ከሞቱ መሣሪያዎች ደኅና ክፍሎችን አውጥቶ፣ ፈትሾና መዝግቦ ለሌሎች ማዋል ነው። ማራገቢያ፣ ማጠፊያ፣ ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ እንዲህ ሊተርፉ ይችላሉ።

የሰሜኑ ጦርነት በአማራ ክልል በርካታ የጤና ተቋማትን መሣሪያ አልባ አድርጎ ማለፉ አይዘነጋም። ዳግም በተሟሉት ተቋማት እያንዳንዱ መሣሪያ በቀላሉ የማይተካ ሀብት ነው። በጸጥታ ችግር መንገድ በሚዘጋበት ጊዜም ከሩቅ የሚመጣን ጠጋኝ መጠበቅ አይቻልም። ስለሆነም በቦታው ያለች የጤና ባለሙያ የምታከናውነው ዕለታዊ እንክብካቤ ትልቅ ዋጋ አለው።

መጠገን የማይገባው

አካባቢን መጠበቅ ማለት የቆየን ሁሉ የሙጥኝ ማለት አይደለም። የደኅንነት ማስተንፈሻው የማይሠራ አውቶክሌቭ ሊፈነዳ ይችላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መጠበቅ ያልቻለ ማቀዝቀዣ ቢበራም ክትባት አያድንም። የራጅ ማሽንን ወይም ታካሚን በቀጥታ የሚነካ የኤሌክትሪክ መሣሪያን በግምት መጠገንም ሕይወትን ለአደጋ ይዳርጋል። እነዚህ ከጥገና በኋላ በመለኪያ ተፈትሸው ካልተረጋገጡ ወደ ሥራ መመለስ የለባቸውም። የነጭ ጋዝ ማቀዝቀዣን በተመለከተም ዕድሜውን ከማራዘም ይልቅ መተካቱ ለክትባቱም ለአየሩም ይሻላል። መለኪያው አንድ ነው፤ መሣሪያው ለታካሚው በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያገለግል ከሆነ ይጠገን፣ ካልሆነ በወጉ ይሰናበት።

ሲገዛም ሲለገስም

የመሣሪያ ዕድሜ ግማሹ የሚወሰነው ከመምጣቱ በፊት ነው። በግዥ ሰነድ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ከታየ መለዋወጫው በሀገር ውስጥ የማይገኝ፣ መመሪያው በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈ መሣሪያ ይመጣል። በስጦታ የሚመጣውም ቢሆን ለሀገሪቱ ቮልቴጅ ካልተሠራ ወይም የሚጠቀምበት ኬሚካል ካልተገኘ ከኮንቴይነር ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ክምሩ መሄዱ አይቀርም። ያን ጊዜ ስጦታው የሌላ ሀገር ቆሻሻ በክብር የተላከበት መንገድ ይሆናል።

ከመቀበል በፊት ሊነሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። መለዋወጫው ለስንት ዓመት ይገኛል? ማን ያሠለጥናል? ምን ያህል ኃይልና ውኃ ይፈጃል? በውስጡ ያለው ጋዝ ወይም ብረት ምንድን ነው? ሲያረጅ ማን ይወስደዋል? መልስ የሌለውን መሣሪያ በምስጋና አለመቀበል ነውር አይደለም።

ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን የሚፈትሸው ዝናቡ ከጣለ በኋላ አይደለም፤ ማሳው ላይ ከተሰበረበት ወቅቱ እንደሚያልፈው ያውቃል። አበውም «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚሁ ነው። በጤና ኬላው ያለው ማቀዝቀዣም ወቅት አለው። በሳምንት አንድ ማለዳ ሰሌዳው ላይ የምታልፍ እርጥብ ጨርቅና በቀን ሁለት ጊዜ በመዝገብ ላይ የምትሰፍር ቁጥር ማቀዝቀዣውን ከክምሩ፣ ምንጩን ከመርዝ ይጠብቃሉ። ሁለት ሰዓት ተጉዛ የመጣችው እናትም ልጇን አስከትባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።